በደረት ሲቲ ላይ ጡንቻ ለክቶ የቲቢ ሕክምና ውጤትን መተንበይ፦ ደረጃ በደረጃ

የራዲዮሎጂ ሬዚደንቶች፣ የቲቢ ክሊኒክ ሐኪሞችና የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የታካሚዎቼ የደረት ሲቲ እጄ ላይ አለ። ጡንቻቸውን ለክቼ ማን ሕክምናውን በደህና እንደሚጨርስ፣ ማን ለሞት እንደሚያሰጋው አስቀድሜ መለየት እችላለሁ? ከየት ልጀምር?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ይልቅ አሠራሩን በሙሉ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

መለካቱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ጥቂት ሰዓት ከተለማመዱት እጅ ይፈታል። ሥራው የሚበላሸው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ሲቲው መቼና ለማን እንደተነሣ ባለማጣራት፣ የመለኪያውን ቦታ ከታካሚ ታካሚ በመለዋወጥ፣ እንዲሁም «ሚዛንና ዕድሜ ከሚነግሩኝ በላይ ጡንቻው ምን ጨመረልኝ?» ብሎ ባለመጠየቅ። እኔም የምቆየው እዚያው ላይ ነው።

ሚዛን እያለ ጡንቻ ለምን ይለካል?

ሚዛን ጡንቻን፣ ስብን፣ ደረት ውስጥ የቋጠረን ውሃና የእግር እብጠትን አንድ ላይ ደምሮ ነው የሚያሳየን። ደረቱ ውስጥ 2 ሊትር ውሃ የቋጠረ ታካሚ 2 ኪሎ ያህል ከብዶ ይታያል፤ ቢኤምአዩም (ክብደት ለቁመት ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ከእውነተኛው ከፍ ይላል። ሲቲ ግን ጡንቻን ከስብና ከውሃ ለይቶ ያሳያል። ጡንቻ ደግሞ የሰውነት የፕሮቲን ጎተራ ነው፦ ትኩሳቱና ኢንፌክሽኑ ሲጸና ሰውነት የሚያወጣው ከዚያ ነው፤ ታካሚው የሚተነፍሰውና አክታውን የሚያወጣውም በጡንቻው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለሌላ የሕክምና ምክንያት የተነሣ የደረት ሲቲ፣ በዲኮም ፋይል (የሕክምና ምስል ከነቁጥሩ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት)። በስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም የተላከ የፊልም ፎቶ አይሆንም፤ የጥግግት ቁጥሩ ጠፍቷልና።
- ነፃ ሶፍትዌር፦ ስሪዲ ስላይሰር ወይም ኢሜጅጄ። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይወርዳሉ።
- 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ለእጅ ሥራ ይበቃል። ቶታልሴግሜንቴተር የተባለውን አውቶማቲክ መሣሪያ ለመጠቀም ግን 16 ጊጋባይት ቢኖር ይመረጣል።
- የእያንዳንዱ ታካሚ ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የኤችአይቪ ሁኔታ፣ የስኳር ሕመም መኖር አለመኖር፣ የአክታ ውጤት፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ መሆን አለመሆኑ።
- ሕክምና የጀመረበት ቀንና የመጨረሻው ውጤት ከቲቢ መዝገብ።
- የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ፈቃድ። ያለፈ ፋይል ቢሆንም ፈቃዱ ግዴታ ነው።
- ሁለተኛ ለኪ። ብቻዎን ከለኩ የልኬትዎን ስሕተት መጠን ማወቂያ መንገድ የለዎትም።

የራስዎ ታካሚዎች ፋይል ከሌለዎት በአሜሪካ ብሔራዊ የአለርጂና ተላላፊ በሽታዎች ኢንስቲትዩት የሚተዳደረው ቲቢ ፖርታልስ የሲቲ ምስሎችን ከሕክምና ውጤት ጋር አያይዞ ይሰጣል፤ የአጠቃቀም ስምምነት መፈረም ይጠበቅብዎታል። አብዛኛው መረጃ እንደ ቤላሩስ፣ ጆርጂያና ሞልዶቫ ካሉ አገሮች የመጣ ሲሆን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይበዛበታል። ለመለማመድ በጣም ጥሩ ነው። ከዚያ ያገኙትን የመቁረጫ ቁጥር («ከዚህ በታች ዝቅተኛ ነው» የሚባልበትን) ግን ጎንደር ወይም ጅማ ላለ ታካሚ እንዳለ አይጠቀሙበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ጡንቻ ለመለካት ብቻ ሲቲ አያዝዙ። የደረት ሲቲ ጨረር ከአንድ የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ወጪውም የታካሚው ነው። ይህ አሠራር ሐኪሙ ለሌላ ምክንያት ያዘዘውን ሲቲ ሁለተኛ ጊዜ ማንበብ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ውጤቱን መጀመሪያ ይወስኑ

ምስል ከመክፈትዎ በፊት «ምንን ነው የምተነብየው?» የሚለውን በጽሑፍ ያስቀምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ታክሞ የዳነ፣ ሕክምናውን የጨረሰ፣ ሕክምናው ያልሠራለት፣ የሞተ፣ ከክትትል የጠፋና ውጤቱ ያልታወቀ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ላይ «የተሳካ ሕክምና» ይባላሉ።

አብዛኛው ሰው የቀሩትን በሙሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ጨምሮ «መጥፎ ውጤት» ይላቸዋል። እኔ አልመክርም። ከክትትል የጠፋ ሰው ለሥራ ወደ ሌላ ክልል ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ እቤቱ ሞቶም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ከጡንቻ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሁለተኛው አለው። ስለዚህ ዋናውን ትንታኔ በሞትና ባልሠራ ሕክምና ላይ ይሥሩ፤ የጠፉትን ጨምረው ደግሞ ለብቻው ይድገሙት። ሁለቱ ውጤቶች በጣም ከተራራቁ መልእክቱ ያ ልዩነት ራሱ ነው፤ ሪፖርትዎ ላይ ያስፍሩት።

*ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል?* ቁጥሮቹን ካዩ በኋላ ውጤቱን ከመረጡ ሳያውቁት ጥሩ የሚመስለውን ይመርጣሉ።

ደረጃ 2፦ ማን እንደሚገባና ሲቲው መቼ እንደተነሣ ይወስኑ

ሲቲው ሕክምናው በተጀመረበት አካባቢ የተነሣ መሆን አለበት። እኔ የምመክረው ከጀመረበት ቀን 14 ቀን በፊት ወይም 14 ቀን በኋላ ያለውን ነው። በቲቢ የሚሞት ሰው በአብዛኛው የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ነው። በ3ኛው ወር የተነሣን ሲቲ «የመነሻ» ብለው ካስገቡ፣ ያ ታካሚ ሲቲው እስኪነሣለት ድረስ በሕይወት መቆየቱ አስቀድሞ የተረጋገጠ ነው። ትንበያው ከመጀመሩ ተዛብቷል።

ለአገራችን አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የቲቢ መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ሲቲ ማሽኑ ደግሞ ቀኑን በፈረንጆቹ ያትማል። መዝገቡ ላይ 05/02/2015 ተብሎ ከተጻፈ ጥቅምት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ቀን 2022። ዓመቱ ላይ 8 ብቻ ደምሮ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2023 ያደረገ ሰው ታካሚውን ወደ 4 ወር ገደማ ዘግይቶ ያስጀምረዋል። ጳጉሜን ላይ የዋለ ቀን ደግሞ ብዙ ሶፍትዌር ጨርሶ አይቀበለውም፤ ወር 13 ሲያይ ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁሉንም ቀን በመቀየሪያ ይቀይሩ፤ ከዚያ 20 ያህሉን መርጠው ከመዝገቡ ጋር በዓይን ያመሳክሩ።

ስምም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ተጽፎ ያገኙታል። ፋይል ከፋይል በስም አያገናኙ፤ በካርድ ቁጥር ያገናኙ።

በመጨረሻም ሲቲ የተነሣላቸው ታካሚዎች እነማን እንደሆኑ ይጻፉ። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ሲቲ የሚታዘዘው ሕመሙ ለጸናበት፣ ምርመራው ግልጽ ላልሆነለት ወይም መክፈል ለሚችል ነው። ያገኙት ውጤት የሚሠራው እንደነሱ ላሉት እንጂ ጤና ጣቢያ መጥቶ አክታ ሰጥቶ መድኃኒት ለጀመረው ሁሉ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ከፋይሉ ላይ ስም ያስወግዱ፣ ትክክለኛውን ተከታታይ ምስል ይምረጡ

ከዲኮም ፋይሉ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር አጥፍተው የጥናት ቁጥር ይስጡ። የማገናኛው ዝርዝር በይለፍ ቃል ተቆልፎ ለብቻው ይቀመጥ።

አንድ የደረት ሲቲ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ተከታታይ ምስል አለው፦ ለሳንባ ተብሎ ጠርዙ የተሳለና እንደ ጡንቻ ላለ ለስላሳ አካል የተዘጋጀ። የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ለሳንባ የተሳለው ጠርዝ ስለሚያጎላ ምስሉ ይሻክራል፤ የጡንቻው ነጥቦች ከተፈቀደው የቁጥር ክልል ወጥተው ጡንቻው ወንፊት ይመስላል፣ ስፋቱም ያንሳል።

የሚከተሉትን ለእያንዳንዱ ታካሚ ይመዝግቡ፦ የስላይሱ (የምስሉ አንድ ንብርብር) ውፍረት፣ የማሽኑ ኪሎቮልት፣ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) መሰጠት አለመሰጠቱ። ኮንትራስት የጡንቻውን ጥግግት በጥቂት ሀውንስፊልድ (የሲቲ የጥግግት መለኪያ) ከፍ ያደርጋል። ኪሎቮልቱ ሲለወጥም ቁጥሩ ይለወጣል። ስፋትን ብዙ አይነኩም፤ ጥግግትን ግን ይነካሉ። ስለዚህ ካልመዘገቧቸው በኋላ የሚያስተካክሉበት መንገድ አይኖርም።

ደረጃ 4፦ የመለኪያውን ቦታ ይፈልጉ

የጡንቻ ልኬት ጥናቶች በብዛት የሚጠቀሙት 3ኛውን የወገብ አከርካሪ ነው። የደረት ሲቲ ግን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ከ12ኛው የደረት አከርካሪ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በስተኋላ የተኛውን ረጅም የጀርባ ጡንቻ (ኢሬክተር ስፓይኒ) ይለኩ። ይህ ቦታ በደረት ሲቲ ላይ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ይገኛል፤ እጅ ወደ ላይ ቢነሣም ባይነሣም ቅርጹ ብዙ አይለወጥም። የደረት ፊት ጡንቻ ግን በእጅ አቀማመጥ በጣም ይለዋወጣል።

አከርካሪውን ለማግኘት ምስሉን ከጎን በሚያሳየው አቅጣጫ ይክፈቱና ከላይ፣ ከመጀመሪያው ጎድን አጥንት ጀምረው ወደ ታች ይቁጠሩ። «የመጨረሻው ጎድን ያለበት 12ኛው ነው» ብለው ከታች አይጀምሩ፤ አንዳንዱ ሰው 12ኛ ጎድኑ ጭራሽ አጭር ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የወገብ ጎድን አለው። የአንድ አከርካሪ ስሕተት የጡንቻውን ስፋት ስለሚለውጥ ሁሉንም ልኬት ይበክላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የአከርካሪ ቲቢ። አከርካሪው ተበልቶ የተደረመሰበት ታካሚ ላይ ቆጠራው ይሳሳታል። አጠገቡ መግል ካለ ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል፦ የመግሉ ጥግግት በጡንቻው የቁጥር ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ ሶፍትዌሩ መግሉን ጡንቻ ብሎ ይቆጥረዋል። በወገብ ደረጃ የሚለኩ ሰዎች ይህን አይርሱ፤ ሶአስ የተባለው ጡንቻ ውስጥ መግል የቋጠረ፣ በበሽታው የመነመነ ታካሚ በወረቀት ላይ ባለ ትልቅ ጡንቻ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ታካሚ ከጡንቻ ልኬቱ ያውጡት፤ ማውጣትዎንም ይጻፉ።

ደረጃ 5፦ ጡንቻውን ከልለው ይለኩ

በስሪዲ ስላይሰር እንዲህ ይሠራል፦

1. ዲኮም ፋይሉን ያስገቡ፤ የምስሉን ማሳያ ስፋት 400፣ መሃሉን 40 ያድርጉ። ይህ ጡንቻና ስብ በዓይን የሚለዩበት ነው።
2. አየር ላይ ጠቋሚውን ያሳርፉና ቁጥሩን ያንብቡ፤ ወደ -1000 መጠጋት አለበት። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ -100 አካባቢ ነው። ካልሆነ ፋይሉ በትክክል አልተነበበም፤ አይቀጥሉ።
3. ሴግመንት ኤዲተርን (የመከለያ መሣሪያውን) ከፍተው ትሬሽሆልድን (የቁጥር ወሰኑን) ከ-29 እስከ +150 ሀውንስፊልድ ያድርጉት፤ ከዚያ ይህን ክልል እንደ ማጥሪያ ይጠቀሙበት። ከዚህ ክልል በታች ያለው ስብ፣ በላይ ያለው አጥንት ነው።
4. በብሩሹ የቀኙን የጀርባ ጡንቻ ይሙሉ፤ ከዚያ የግራውን። ድንበሩ ከውጭ በኩል ያለው ቀጭን የሽፋን መስመር ነው። ጎድን አጥንት መካከል ያሉትን ጡንቻዎች አያስገቡ።
5. ሴግመንት ስታቲስቲክስን ይክፈቱና ይዘቱንና አማካይ ሀውንስፊልዱን ይውሰዱ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። ሶፍትዌሩ የሚሰጠው ይዘት እንጂ ስፋት አይደለም። የከለሉት አንድ ስላይስ ብቻ ስለሆነ ይዘቱን በስላይሶቹ መካከል ላለው ርቀት ያካፍሉ። ለምሳሌ ይዘቱ 14.7 ሴ.ሜ³፣ ርቀቱ 5 ሚሊ ሜትር (0.5 ሴ.ሜ) ከሆነ ስፋቱ 29.4 ሴ.ሜ² ነው። በነጥብ ቆጠራም ያረጋግጡት፦ አንዱ ነጥብ 0.7 በ0.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.49 ሚ.ሜ² ነው፤ 6,000 ነጥብ ሲሆን 2,940 ሚ.ሜ²፣ ማለትም ያው 29.4 ሴ.ሜ²። ሁለቱ ካልተገናኙ አንዱ ቦታ ላይ ስሕተት አለ።

ቶታልሴግሜንቴተር ሥራውን በራሱ ይሠራል፤ አከርካሪዎቹን በቁጥር ይሰይማል፣ ጥልቁን የጀርባ ጡንቻ ግራና ቀኝ ለይቶ ይከልላል። ብዙ መቶ ፋይል ካለዎት ያለሱ አይሞከርም። ግን አንድም ምስል ሳያዩ አይለፉ። የተደረመሰ አከርካሪ፣ ደረት ውስጥ የቋጠረ ውሃና ከደረት ግድግዳ ወጥቶ ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ መግል ያሳስቱታል፤ የቲቢ ታካሚ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ይገኙበታል።

ደረጃ 6፦ በቁመት ያስተካክሉ

ረጅም ሰው ጡንቻው በተፈጥሮው ሰፊ ነው። ስፋቱን በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ ያካፍሉ። ቁመቱ 1.65 ሜትር ከሆነ ካሬው 2.72 ነው፤ 29.4 ሲካፈል ለ2.72፣ 10.8 ሴ.ሜ² በሜ² ይሆናል።

ቁመት ካርዱ ላይ ካልተጻፈ በግምት አይሙሉ። ታካሚው ክትትል ላይ ካለ ይለኩት። ጀርባው የጎበጠ ከሆነ ቁመቱ አጥሮ ስለሚለካ ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ ለእሱ የተዘረጋ እጁን ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ለክተው በቁመት ፋንታ ይጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ ጥግግቱንም ይመዝግቡ

ስፋቱ ደህና ሆኖ ውስጡ በስብ የተተካ ጡንቻ አለ። አማካይ ሀውንስፊልዱ ዝቅ ሲል የሚያመለክተው ይህንን ነው። በተለይ ስኳር ላለባቸውና በዕድሜ ለገፉ ታካሚዎች ከስፋቱ ያላነሰ ይናገራል። ሰውነቱ ባበጠ ታካሚ ላይ ግን ውሃውም ጥግግቱን ዝቅ ስለሚያደርገው እብጠት መኖሩን ከጎኑ ይጻፉ።

ደረጃ 8፦ ሁለት ሰው ይለካ፣ ውጤቱን ሳያውቅ

ለኪው ታካሚው መሞቱን ወይም መዳኑን ማወቅ የለበትም። ያወቀ ሰው፣ ሳያስበው፣ የሟቹን ጡንቻ ድንበር ያጠብባል። ሁለተኛው ለኪ ቢያንስ 30 ምስሎችን ለብቻው ይለካ፤ የመጀመሪያውም እነዚያኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይድገም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከአማካዩ ጋር አነጻጽረው በግራፍ ይሣሉት። ትልልቅ ልዩነት ያለባቸውን ምስሎች አብረው ከፍተው ይዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ መንሥኤው የአከርካሪ ቆጠራ ነው።

ደረጃ 9፦ ትንበያውን ይሥሩ

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ክስተቶችን ይቁጠሩ። የሚቆጠረው የታካሚው ብዛት አይደለም፤ የሞቱትና ሕክምናው ያልሠራላቸው ናቸው። ለአንድ ተንባይ ነገር ቢያንስ 10 ክስተት ይኑር የሚለው የተለመደ መነሻ ነው፤ ዛሬ ከዚያም በላይ ይመከራል። ለምሳሌ 200 ታካሚ ኖሮዎት 18ቱ ብቻ ቢሞቱ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ኤችአይቪ፣ ስኳር፣ ቢኤምአይና ጡንቻን በአንድ ጊዜ ማስገባት አይችሉም። ካስገቡ በራስዎ ፋይል ላይ ድንቅ ሆኖ ሌላ ሆስፒታል ላይ የሚወድቅ ቀመር ያገኛሉ።

ቀጥሎ ሁለት ቀመር ይሥሩ። አንደኛው ጡንቻ የሌለበት፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ኤችአይቪ፣ ቢኤምአይ። ሁለተኛው ያው ላይ ጡንቻ የተጨመረበት። ሁለቱን ያነጻጽሩ። ጡንቻ ብቻውን ከሞት ጋር መያያዙን ማሳየት በቂ አይደለም፤ የከሳ ሰው ጡንቻው መቀነሱን ሚዛንም ይናገራል። ሁለተኛው ቀመር ካልበለጠ ጤና ጣቢያው ሚዛኑን ይዞ ይቀጥል፤ ይህም ሊታወቅ የሚገባው ውጤት ነው።

ጡንቻውን እንደ ተከታታይ ቁጥር ይጠቀሙበት፤ «ዝቅተኛ» እና «ደህና» ብለው ለሁለት አይክፈሉት። መሃሉ ላይ በ0.1 የሚለያዩ ሁለት ሰዎች በተለያየ ጎራ ይወድቃሉ፣ መረጃም ይባክናል። ወንድና ሴት የጡንቻ መጠናቸው በተፈጥሮ ስለሚለያይ ጾታን ሳያካትቱ አይሥሩ።

ቀመሩ ሁለት ፈተና አለበት። የመጀመሪያው የሚሞተውን ከማይሞተው ይለያል ወይ? ሁለተኛው «የሞት ዕድሉ 20 በመቶ ነው» ካላቸው 100 ሰዎች በእርግጥ 20 ያህሉ ይሞታሉ ወይ? ብዙ ጥናት የመጀመሪያውን ብቻ አሳይቶ ያበቃል። ለሐኪም ውሳኔ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ሪፖርቱን ሲጽፉ ለትንበያ ጥናቶች የወጣውን ትራይፖድ የተባለ መመሪያ ተከትለው ይጻፉ።

የተለመዱ ስሕተቶች

*የሌላ አገር መቁረጫ ቁጥር መውሰድ።* ብዙ ጽሑፍ ላይ የሚያገኙት 52.4 ለወንድ፣ 38.5 ለሴት የሚለው ቁጥር ከካናዳ፣ ከመጠን በላይ ውፍረት ካለባቸው የካንሰር ታካሚዎች የወጣ ነው፤ የተለካውም በ3ኛው የወገብ አከርካሪ ላይ ነው። በ12ኛው የደረት አከርካሪ ለተለካ ኢትዮጵያዊ የቲቢ ታካሚ በሕዝቡም፣ በበሽታውም፣ በቦታውም አይገጥምም።

*«ሳርኮፔኒያ» ብሎ መጻፍ።* ይህ የጡንቻ መመንመን ስያሜ የጡንቻ ጉልበት መቀነስንም ይጠይቃል። የመጨበጥ ኃይል ካልለኩ «የጡንቻ መጠን ማነስ» ብለው ይጻፉ።

*ስቴሮይድን መርሳት።* የማጅራት ገትር ወይም የልብ ሽፋን ቲቢ ያለበት ታካሚ ስቴሮይድ ይወስዳል፤ ስቴሮይድ በራሱ ጡንቻ ያመነምናል። መቼ እንደጀመረ ይመዝግቡ።

*ቁመት ወይም ኤችአይቪ ያልተጻፈለትን ታካሚ ዝም ብሎ መጣል።* ካርዱ ያልተሞላው ብዙ ጊዜ ታካሚው በጣም ስለታመመ ወይም ቶሎ ስለሞተ ነው። ከጣሉት የሚጥሉት ሟቾችን ነው።

*መያያዝን ምክንያት ማድረግ።* ጡንቻ ስላነሰ ሞተ ወይስ በሽታው ስለጸና ጡንቻው አነሰ? ለመተንበይ ሁለቱም ያገለግላሉ። «ጡንቻው ቢጨምር ይድን ነበር» ለማለት ግን ይህ አሠራር አይበቃም።

ሲቲ በሌለበት

አልትራሳውንድ ያለው ጤና ተቋም የጭን ፊት ጡንቻን መለካት ይችላል። ታካሚው በጀርባው ይተኛ፣ ጉልበቱ ይዘርጋ። ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ እስከ ጉልበት ሎሚ የላይኛ ጠርዝ ያለውን ርቀት ለክተው መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ቀጥ ያለውን ፕሮብ በብዙ ጄል ያሳርፉ፤ አይጫኑ። የከሳ ሰው ጡንቻ በትንሽ ጫና ስለሚሳሳ እዚህ የሚበላሸው ብዙ ነው፤ በፕሮቡና በቆዳው መካከል ጄሉ በምስሉ ላይ እንደ ጥቁር ንጣፍ መታየት አለበት። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ጨረር ስለሌለው በ2ኛውና በ6ኛው ወር መድገም ይቻላል፤ ይህ ሲቲ የማይሰጠን ጥቅም ነው።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲገኝ

የጥናት ልኬት ቢሆንም ታካሚው ሕክምና ላይ ካለና ጡንቻው እጅግ መንምኖ ካገኙት ለሚያክመው ሐኪም ያሳውቁ። የፈቃድ ማመልከቻዎ ላይ ይህን አስቀድመው ያካትቱ። በሕንድ ጃርካንድ ክልል ተሠርቶ በ2023 የታተመው ራሽንስ የተባለው ጥናት፣ የምግብ ድጋፍ ባገኙ የቲቢ ታካሚዎች መካከል በ2 ወር ውስጥ ክብደታቸው 5 በመቶ የጨመረላቸው የሞት አደጋቸው በ61 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። የለካው ክብደትን እንጂ ጡንቻን አይደለም፤ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት የሚጠበቁበትን ምክንያት በግልጽ ያሳያል።

ሐኪሙ የሚያየው ሪፖርት ላይ እንዲህ ይጻፉ፦ «በ12ኛው የደረት አከርካሪ ደረጃ የጀርባ ጡንቻ ስፋት 29.4 ሴ.ሜ²፣ በቁመት ሲስተካከል 10.8፤ ከተመሳሳይ ጾታ ታካሚዎቻችን ዝቅተኛው አንድ አራተኛ ውስጥ ነው። የምግብ ግምገማ ይመከራል።» «የመሞት ዕድሉ ከፍተኛ ነው» ብለው አይጻፉ፤ ቀመርዎ በሌላ ሆስፒታል እስካልተፈተነ ድረስ ያ ዐረፍተ ነገር ታካሚው እጅ መግባት የለበትም።

ቢኤምአዩ ከ16 በታች የሆነ ታካሚ ምግብ ሲጀምር ቀስ በቀስ መሆን አለበት። ለቀናት ያልበላ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ፎስፌትና ፖታሲየም ወርዶ ልቡን ሊያሰጋው ይችላል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ክትትል ይፈልጋል። ክብደቱ መጨመር ሲጀምር ደግሞ የቲቢ መድኃኒቱ መጠን በኪሎ የሚሰላ ስለሆነ በየወሩ ሚዛን ላይ አውጥተው መጠኑ ካለበት የክብደት ረድፍ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ።